እየነደደ «በረደኝ» ስላለው ስልክ

ለተከበሩ የቺፕ ፋብሪካው የሰነዶች ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ መዝገብ ቤትዎ ቁልፍ የጠበቀ፣ እንቅልፍዎም ማንም የማይቀሰቅሰው እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ያገለገሉ ስልኮች ነጋዴ ነኝ። ፋብሪካዎ ለአንዱ የስልክ ቺፕ ድጋፍ ካቋረጠ በኋላ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዋ ምራቴ ስልኮቹ ሊኑክስ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት እንዲሠሩ ብላ፣ የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነል ቺፑን የሚያውቅበትን ኮድ ስትጽፍ ከረመች፤ እኛም ሠላሳ ስምንት ስልክ ላይ ጭነን ሸጥን። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ምራቴ ስለ ባትሪው ሙቀት አንድ ገጽ ሰነድ ብትለምንዎ፣ በማግስቱ «የንግድ ምስጢር ነው» ብለው ለመመለስ ስላሳዩት ትጋት አመሰግናለሁ። አዲስ ኮድ ከርነሉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚመረምሩት ገምጋሚዎች ግን «ይህ የሙቀት ቁጥር ከየት መጣ?» ብለው ኮዷን መለሱባት። እኔ ደግሞ «ሥራ ፈቶች!» ብዬ ሸጥኩ። ይህ ጥፋት የራሴ ነው፤ ለእርስዎ አላካፍልም።

ሁለተኛ፣ ከርነሉ ሙቀትን በዲግሪ ሺህኛ ስለሚቆጥር ቺፕዎም እንደዚያው መስሎን ነበር፤ ለካስ የእርስዎ በዐሥረኛ ነው የሚቆጥረው። ባትሪው አርባ አምስት ዲግሪ ደርሶ መሙላት ማቆም ሲገባው፣ ኮዳችን ግማሽ ዲግሪም አልሞላ ብሎ ኃይል ይጨምርለታል። ይህን ያስተማረን የእርስዎ ሰነድ ሳይሆን፣ ማክሰኞ ጠዋት ገዢው መልሶት፣ ሱቄ ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ የሰካንለት፣ ጀርባው እንደ ሊጥ ያበጠ ስልክ ነው። ምራቴ ነክታው እጇን ሰበሰበችና «አባባ፣ ይሄ እኮ እየነደደ በረደኝ እያለ ነው!» አለች። ሳቅኩ፤ ወዲያው ግን ገዢዎቹን የመዘገብኩበትን ደብተር አወጣሁ።

በሦስት ቀን ሠላሳ ሰባቱን ሰበሰብኩ። የቀረውን የገዛችው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። «አባቴ ከአልጋ አይነሳም፤ ትራሱ ሥር አድርጎ ሲፈልገኝ ይደውልልኝ፤ ቻርጁንም አልነቅልበትም» ብላኝ ነበር። ቤቷን አላውቅም፤ በማስታወሻ ደብተሬ የመዘገብኩትም የእሷን ሳይሆን የዚያኑ የሸጥኩላትን ስልክ ቁጥር ነው። ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።

ሦስተኛው ምስጋና ሳይሆን ጥያቄ ነው፦ የእኛ ኮድ ቢሳሳት እንኳ፣ ቺፑ በራሱ ኃይሉን የሚቆርጥበት መላ አለው ወይስ የለውም? ምስጢርዎን ሁሉ አልጠይቅም፤ «አለው» ወይም «የለውም» ይበቃኛል። 

ምስጢርዎን ባለማወቁ ምክንያት ምስጢርዎን በታማኝነት የጠበቀው አክባሪዎ፣
የስልክ ነጋዴው

ድኅረ ጽሑፍ፦ መጻፍ ስጀምር ስልኩ ይጠራ ነበር፤ አሁን ጭራሽ አይጠራም። ባትሪው አልቆ ከሆነ፣ ከቻርጅ ተነቅሏል ማለት ነውና ተመስገን። ሌላ ነገር ከሆነ ግን፣ ከእርስዎ የምጠብቀውን መልስ ከእኔ ቀድመው ያወቁት እኚያ ሽማግሌ ናቸው።