ከአጥር ውጭ የተቀመጠው አብራሪ

ውድ ጋሼ ውብነህ፣

ጤናዎን የምጠይቀው ከልቤ ነው። ግን ልደብቅዎ አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አላምንዎትም። ስልክ ብደውል አያነሱም። እዚህ እስራኤል ከቂርያት ሞሼ እስከ ቂርያት ዔቅሮን እኮ አንድ አውቶቡስ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ ሰው እንኳ ይደውላል። በየሠርጉ ስንገናኝም የእናቴን ጉልበት ስመው ቶሎ ይሰወራሉ። ጥፋት የሌለበት ሰው ይሸሻል?

ባለፈው ሳምንት ሄርዝል ጎዳና ካለው አዳራሽ ስለ አዲሱ መጽሐፍዎ ሲናገሩ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። አላዩኝም፤ ወይም አይተው እንዳላዩ ሆኑ። በኦጋዴን ጦርነት ያበረሩትን ሄሊኮፕተር ከሞተሩ እስከ ጅራቱ ተረኩልን። አንድ ወጣት ተነስቶ «አብሮዎት የሚበረው ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ። መነጽርዎን አውልቀው ጠረጉና «ጥሩ ጥሩ ልጆች ነበሩ» ብለው ወደ ነዳጁ ወሬ ተሻገሩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ወንድሜ ፈጠነ ስም የለውም? የእርስዎ ቴክኒሺያን አልነበረም? መጽሐፎችዎን ሁሉ አንብቤአለሁ፤ ብሎኑ ሳይቀር ተጽፏል፣ እሱ ግን የለም።

ያኔ በጦርነቱ ጊዜ አገር ቤት ወገራ፣ መንደራችን የመጡበትን ቀን አልረሳውም። የጎረቤት መንደር ልጅ፣ የኛው የቤተ እስራኤል ወገን ሆነው ሳሉ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የወታደር ልብሱን አይቼ ፈጠነ መስሎኝ ሮጬ ልጠመጠም ስል «አትንኪኝ» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። እናቴ ውሃ ስታመጣ እንስራዋን ሳይነኩ በኮዳዎ አስቀዱ። «ፈጠነ ደህና ነው፣ ለትምህርት ውጭ አገር ልከውታል» አሉ። ዓይንዎ ግን መሬት መሬት ያይ ነበር። ሳይመሽም ሄዱ። ጥለውት በርረው ይሆን? ቤተ እስራኤልነቱን ለአለቆቹ አሳብቀውበት ይሆን? እያልኩ ይኸው አረጀሁ።

ከአዳራሹ እንደተመለስኩ እናቴን አፋጠጥኳት። እናቴ እማዋይሽ አልጋ ይዛለች፤ ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጠንም። ልጄ ኦርታል ራስጌዋ ተቀምጣ ነበር።

«ያ ሰውዬ አንድ ነገር ደብቆናል» አልኳት።

«አሳየች ልጄ፣ አገራችን ሳለን ከአሕዛብ መሀል የመጣ ሰው ምን ያደርግ ነበር?» አለች።

«ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ሲመሽ ቤት ይገባል።»

«ውብነህ ወንዝ ወረደ?»

«አልወረደም።»

«ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ የሚቆየውስ ማን ነው?»

«ሬሳ የነካ ሰው» አልኳት።

ኦርታል ግራ ገብቷት «ሳፍታ፣ ምን ማለትሽ ነው?» አለቻት አያቷን።

«ልጄን በእጁ ቀብሮት ነው የመጣ። እዚያ በረሃ የሚያጥበው ዘመድ፣ የሚጸልይለት ቄስ የለ። ውብነህ ነው ያነሳው። እኛን እንዳያረክስ ብሎ ነው ከደጅ የቀረው።»

«ታዲያ ለምን አላለቀስሽም?» አልኳት።

«መርዶ ነጋሪ ሳይመጣ ማን ያለቅሳል? ሟርት ይሆንብኛል። ሊነግረኝ መጥቶ አፉ እምቢ አለው፤ ልጅ ነበር። ተመልሶ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁት።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

ጋሼ፣ ጥርጣሬዬ ሙሉ በሙሉ ወጥቶልኛል አልልም። ፈጠነ እንዴት እንደሞተ፣ እርስዎ እንዴት እንደተረፉ፣ ለምን እንደዋሹን ዓይንዎን እያየሁ እጠይቅዎታለሁ። አዝኜብዎታለሁ። የእኔ ግን ይደርሳል፤ የእናቴ ነው የማይደርሰው። ልጇን ሳታለቅሰው ልትሞት ነው።

ሰንበት ከወጣ በኋላ፣ እሑድ በማለዳ ይምጡ። መርዶ በማለዳ እንደሆነ ያውቁታል። ሽማግሌዎቹን እኔ እጠራለሁ፣ ቄሱም ቤሰደር፣ እሺ ብለውኛል። የሞተሩን ነገር ለመጽሐፉ ይተዉትና ስሙን ብቻ ይጥሩልን።

ትናንት ለእርስዎ የሚሆን ወንበር በሩ አጠገብ ሳስቀምጥ እናቴ አየችኝና ተቆጣች። «ወደዚህ ወደ አልጋዬ አምጪው» አለችኝ። «ሰባት ቀኑ እኮ ካለፈ ቆየ።»

የፈጠነ እህት፣
አሳየች