«ለሆድሽ ይበጅሻል»

አዳማ፣ ሚያዝያ

ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የምድጃው ጭስ ዓይንሽን አሁንም ያስለቅስሻል? ነገሌ ዝናቡ ጀምሮ እንደሆነ፣ ጓሮው ጭቃ ሳይሆን እንጨቱን እንዲያስገባልሽ ወንድሜን ንገሪው። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የአዳማ ነፋስና አቧራ ግን እንደምታውቂው ነው።

ይህን በወረቀት የምጽፍልሽ፣ በስልክ ስንነጋገር ነገሬ ወደ ፍሬው ሲደርስ ሁልጊዜ ኔትወርኩ ስለሚቋረጥብሽ ነው። ወረቀት አይቋረጥም።

ጎረቤታችን አሰለፈች ባለፈው ሳምንት ዕቃውን አድርሳልኛለች። ለበሶውና ለቅቤው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከበሶው ሥር በፎጣ ጠቅልለሽ ያስቀመጥሽውን የአረቄ ጠርሙስም አግኝቻለሁ። ነጭ ሽንኩርት ተልጦ ገብቶበታል። አሰለፈች ዓይኗን ከዓይኔ እያሸሸች፣ «ለሆድሽ ይበጅሻል ብላለች» አለችኝ።

እማዬ፣ ሆዴን አላመመኝም፤ ይህንንም ታውቂያለሽ። ለገና ቤት በመጣሁ ጊዜ፣ መጠጥ ማቆም እንዳቃተኝ፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት ካልቀመስኩ እጄ ጠመኔ እንደማይጨብጥ በግልጽ ነግሬሻለሁ። አንቺ ግን «ሴት ልጅ እንዲህ አትልም» ብለሽ ተነሳሽ፤ በማግስቱም ልጄን ጨጓራ ይዟታል ብለሽ ለጎረቤት አወራሽ። መዋሸትሽን እችለው ነበር። ውሸቱ እውነት እንዲመስል መድኃኒት ብለሽ አረቄ መላክሽ ግን ከውሸቱ ይብሳል።

የሚረዱኝን ሰዎች ራሴ ፈልጌ አግኝቻለሁ። ሰብለወንጌል የምትባል ነርስ ክሊኒክ ውስጥ ደም ልትቀዳኝ ክንዴን ስትይዝ መንቀጥቀጤን አየች፤ ማንም ሳይሰማም «መጠጥ ለማቆም የሚረዳዱ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ነይ። እኔም እዚያ እመጣለሁ፤ እንደ ነርስ ሳይሆን እንዳንቺ ሆኜ» አለችኝ። አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው «ለስኳር ሕሙማን ስብሰባ ነው? በዚህ ዕድሜሽ! ከረሜላ አብዝተሽ መሆን አለበት» ብሎ ሳቀብኝ። ለካ «ለሰካራም አናከራይም» ስለተባሉ አዳራሹን የያዙት በስኳር ሕሙማን ስም ኖሯል። እውነት የሚነገርበት ክፍል በሐሰት ስም መከራየቱ አንቺን አስታወሰኝ።

ውስጥ እንደ ማኅበር ዳቦ ይቆረሳል፤ በጠላው ፋንታ ውሃ ይቀዳል። ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን ይናገራል። ሑስና የምትባል የጨርቅ ነጋዴ፣ «እናንተ የምታፍሩት ስትሰክሩ ነው፤ እኔ ገና ብርጭቆውን ስነካው ነው» አለችን። ማንም አልመከራትም፤ አዳመጥናት እንጂ። እኔ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ተደምጬ አላውቅም።

ጠርሙስሽን ወደዚያ ይዤው ሄድኩ፤ ቤቴ ብቻዬን ሆኜ ክዳኑን ለመክፈት ራሴን አላመንኩትም። ፈዬራ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ከፍቶ ገና ሲያሸተው «ኧረ አቦ! ይሄማ የነገሌ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው ሴትዮ! በሷ አረቄ መኪና ገልብጫለሁ፤ ሚስትም ፈትቻለሁ» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ሰብለወንጌል ማን እንደላከልኝ ስትጠይቀኝ «እናቴ» አልኩ። ሳቁ ቆመ። ፈዬራ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ እህቴ፣ አፌ ነው» አለኝ። ሑስና ችግሬን ታውቂ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደምታውቂ ነገርኳት። ሑስና ጠርሙሱን ወስዳ ከደጅ ደፋችው።

ወንድሜ ደውሎ፣ ለራሱ ሠርግ የሚወጣው አረቄ እኔ ካልቀመስኩት ለእንግዳ እንደማይቀርብ ማለትሽን ነግሮኛል። በልጅነቴ አረቄ ስታወጪ ከቱቦው ጫፍ የሚንጠባጠበውን በጣቴ እያስነካሽ «የሷ ምላስ አይሳሳትም» ስትዪ በሴቶቹ ፊት እኮራ ነበር። ኬሚስትሪ ተምሬ አስተማሪ የሆንኩት በዚያው አረቄ ሽያጭ ነው፤ ይህን አልክድም። ያስተማረኝም የጣለኝም ከአንድ እንስራ ወጣ። አሁን ግን አንዲት ጠብታ ብነካ ተመልሼ የምነሳ አይመስለኝም። ስለዚህ ለሠርጉ አልመጣም። እንግዶቹ ከጠየቁሽ ጨጓራዋ ነው በያቸው፤ ይህን አንዴ ብቻ ፈቅጄልሻለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ጠርሙሱ ሲደርሰኝ ከግማሽ በታች ነበር። አሰለፈች ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ጠላ እንኳ አትቀምስም። አንቺም ጎዶሎ ዕቃ ልከሽ አታውቂም። ያን ዕለት ማለዳ እጅሽ ፎጣውን መቋጠር አቅቶት እሷ እንደቋጠረችልሽ፣ አንቺም «ብርዱ ነው» እንዳልሻት ነግራኛለች። እኔ ምንም አልጠየቅኋትም። አንቺንም አልጠይቅሽም።

ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ወንድሜም ሚስቱን ይዞ ሲወጣ፣ ቤቱ ላንቺ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ ወደ አዳማ ነይ። መናኸሪያ ወጥቼ እቀበልሻለሁ። ቅዳሜ ከሆነ በስብሰባው ከጎኔ ትቀመጫለሽ፤ መናገር ግዴታ አይደለም፤ እኔም የማን ልጅ እንደሆንኩ ለማንም አልናገርም።

ፈጣሪ ሠርጉን ያሳምርልሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ጧት ጧቱንም ያቅልልሽ።

ልጅሽ