ጾም የለም ያልኩ ለት

እሑድ
አባባን ሳልጠይቅ እኔው መለስኩ። ሐኪሙ በዕብራይስጥ «አባትሽ የሚጾሙት ጾም አለ?» አለኝ። የታሰበኝ የስርየት ቀን ጾማችን ኪፑር ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አልፏል። «የለም» አልኩ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ከቁርስ ጋር ኢንሱሊን እንዲወጉ አዘዘ። አባባ «ምን አለ?» ሲሉኝ «መርፌውን አንድም ቀን እንዳይዘሉ» ብዬ ተረጎምኩ። ሌላውን አሳጠርኩት። ከማላውቀው ሰው ፊት ስናገር አንገቴ ይግላል፤ ቶሎ መውጣት ብቻ ነው የፈለግሁት።
ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ «የኢትዮጵያ መንገድ» በሚባለው ጎዳና የድንጋዩን ግንብ እየተደገፉ ሦስት ጊዜ አረፉ።

ሰኞ
የባዮሎጂ ፈተና ወደቅሁ። መምህሯ ያለችው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም፦ ሰውነት ውስጥ ብቻውን የሚሠራ የለም። ስንበላ ቆሽት ኢንሱሊን ይልካል፣ ስኳሩ ከደም ወደ ሥጋ ይገባል። ሳንበላ ስንውል ቆሽት ዝም ይላል፣ ጉበት ካስቀመጠው ያወጣል። አንዱ ሲያጎድል ሌላው ይሞላል።
የአባባ ቆሽት ደክሟል። መርፌው በሱ ፈንታ ነው። መርፌ ግን ማንንም አይሰማም፤ አንዴ ከገባ ገባ።

ማክሰኞ
እማዬ የአባባን ነጭ ልብስ ስትተኩስ አየሁ። ስግድ! ሐሙስ ስግድ ነው፣ ጾመን ኮረብታ ላይ የምንሰግድበት በዓል። ከኪፑር በኋላ ሃምሳኛው ቀን፣ እኛ ቤት ሕፃን የሚያውቀው። ሐኪሙ ከየት ያውቃል? እኔ ግን!
«አባባ፣ ሐሙስ ባይጾሙስ?»
ሳቁ። «የቄስ ልጅ ሆኜ? ኪፑርን ጾሜ ምን ሆንኩ?»
ያኔ ክኒን ብቻ ነበር። ይህን ሳልናገር ተነሣሁ።

ረቡዕ
ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። «ሃሎ?» ሲሉኝ ዘጋሁ። ሁለቴ።
ቦርሳዬ ውስጥ፦ የወይን ጭማቂ። ስኳር። የደም ስኳር መለኪያው። የቻልኩት ይህን ብቻ ነው።
አምላኬ፣ አባቴን በእኔ ዝምታ አትውሰድብኝ።

ሐሙስ
አባባ መርፌያቸውን ተወግተው፣ ምንም ሳይቀምሱ ከሰፈራችን ከጊሎ በአውቶቡስ ወጣን። ኮረብታው ላይ ቄሶቹ ከጃንጥላቸው ሥር ኦሪት ያነብባሉ። ነፋሱ ይበርዳል፣ አባባ ግን ላብ በላብ ሆኑ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ዞር ብለው «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።
ጣታቸውን ወጋሁ። አርባ አንድ። ጉበት የቻለውን ሰጥቶ አልበቃም፣ አሁን አንጎላቸው እየተራበ ነው።
ጭማቂውን ሳወጣ ጎረቤታችን እማማ ትርንጎ «ምነው አንቺ! በስግድ ቀን አባትሽን ልታስፈስኪ?» ብለው እጄን ያዙ። አባባም ከንፈራቸውን ገጠሙ። ሰው ሁሉ ዞረ።
ጮኽኩ። እኔ!
«ጥፋቱ የኔ ነው! ለሐኪሙ ጾም የለም ያልኩት እኔ ነኝ! ካልጠጡ ይሞታሉ!»
አንድ ሽማግሌ ቄስ መጥተው የአባባን ትከሻ ያዙ። «ነፍስ ትቀድማለች። ጠጣ ወንድሜ፣ ልጅህ ናት።»
ጠጡ። ግማሹ ነጩ ልብስ ላይ ፈሰሰ። አምቡላንሱ ሲደርስ በስሜ ጠርተውኝ ነበር።

ዓርብ
ሆስፒታል አድረው ተመለሱ። እዚያ ያለችው ሐኪም ስትጠይቀኝ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኳት። እያንዳንዱን ጥያቄ መጀመሪያ ለአባባ፣ ከዚያ መልሳቸውን ለሷ ተረጎምኩ። የመርፌውን መጠን ቀነሰች፣ ለጾም ቀን ምን እንደሚደረግም ጻፈችልን።
ከነዚያ መልሶች በቀር ከትናንት ጀምሮ አባባ አላናገሩኝም። እማዬ ልብሱን ሁለቴ አጠበችው፣ የወይኑ ቀለም አልለቀቀም።
ሰንበት ሊገባ ሲል መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጣታቸውን ዘረጉልኝ።
«በይ ለኪኝ።»
መቶ አሥራ ስምንት፣ ደህና ቁጥር። ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።
ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም። ጣታቸውን ግን ቶሎ አልወሰዱትም።