አራተኛው ምዕራፍ
ቁሐር ሚካኤል፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ንዴቴ እስካሁን አልበረደልኝም። በመመረቂያ ጽሑፌ ሁለት ዓመት የለፋሁት፣ ማዕከሉ ላይ ሁሉ ነገር ወደ አንዲት ነጥብ የማይጨመቅበት ብርሃን እንኳ የማያስወጣ ጥቁር ጉድጓድ በጠፈር ሊኖር ይችላል ብዬ ነበር። ሒሳቡም ያምር ነበር። አራተኛው ምዕራፍ ግን ጥቂት ብርሃን ሲገባበት በውስጠኛው አድማስ፣ ማለትም በጉድጓዱ የውስጥ ድንበር ላይ፣ ኃይሉ ያለ ልክ እየናረ ሞዴሉን እንደሚያፈርሰው ያሳያል። ዛሬ ጠዋት አማካሪዬ ደውለው «ያንን ምዕራፍ አውጪው» አሉኝ።

«ስሌቱ ተሳስቷል እንዴ?»

«አልተሳሳተም። ግን ሞዴሉ የተረጋጋ ነው ብለሽ ካልጻፍሽ ዘንድሮ አትመረቂም።»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

አባቴ ከሩዝ አረም ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲመለሱ ፊቴን አይተው ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ታዲያ ውስጡን ማን ገብቶ ሊያየው ነው? ያሉሽን ጽፈሽ ተመረቂ እንጂ። ለምርቃትሽ ያልኩት ወይፈንም ደርሷል» አሉኝ።

«እርስዎም እንደሳቸው ዋሺ ይሉኛል?» ብዬ ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ጮኼባቸው አላውቅም። እህል ሳይቀምሱ ወደ ማሳው ተመለሱ።

ምዕራፉን ሳልነካ ጽሑፉን ለሚገመግሙት ሦስት ፈታኞች ላክሁት። አልጸጸትም። አባቴን ግን ገና ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም።