«ባለቤቴ የለም» ያልኩበት ጠዋት

ገመቹዬ፣ የልጄ አባት፤

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። አፈሩ ይቅለልህ እያልኩ ነው የኖርኩት። ዛሬ የምነግርህ ነገር ግን ከአፈሩም እንዳይከብድህ እፈራለሁ።

ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ አፈራ። የደጁን ቆርቆሮ በር አስቀየርኩት፤ የድሮው ሲከፈት ይጮህ ነበር፣ ይኼኛው ድምፅ ስለሌለው ሰው በገባ ቁጥር እደነግጣለሁ። አልጋ ሥር የነበረው የመጻሕፍት ካርቶንህ ባዶ ነው። ለመጻሕፍቱ መደርደሪያ አሠራሁላቸው። አንዲት ካናዳዊት አስተማሪ ለምታስተምርበት ትምህርት ቤት ትታቸው የሄደች፣ ቦታ የለም ሲባል አንተ በትከሻህ ያመጣሃቸው አሥራ አንድ ልብ ወለዶች። ሁሉንም የጻፉት የአገሯ ሴቶች ናቸው ብለኸኝ ነበር።

አሁን አነባቸዋለሁ። ሰምተህ ብትሆን ኖሮ ምን ያህል ትስቅ ነበር! የአማርኛውን ፊደል በልጅነቴ ወንድሞቼ አዲስ ዓለም ማርያም ደጅ ሲቆጥሩ በአጥር ተጠግቼ እንደለቀምኩት ታውቃለህ። ቁቤውን፣ በላቲን የሚጻፈውን የኦሮምኛ ፊደል፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ከልጃችን ከለሊሴ የድሮ የአንደኛ ክፍል ደብተሮች ተማርኩት፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከመዝገበ ቃላትህ። መጀመሪያ ላይ አንድ ገጽ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። እስካሁን አምስቱን ጨርሻለሁ።

በረዶውን አላውቀውም፤ ሴቶቹን ግን አወቅኋቸው። አንዷ ባሏ ሲሞትባት የባሏ እህቶች መጥተው መጋረጃዋን ሳይቀር በዓይናቸው ይለካሉ። ሌላዋ ሠላሳ ዓመት በኖረችበት ከተማ ባለሱቁ ዛሬም ከየት እንደመጣች ይጠይቃታል። እኔም እዚህ አምቦ ወልጄ፣ ቀብሬ፣ ለአንዳንዱ ሰው ገና «የአዲስ ዓለሟ» ነኝ። ክፋት የለውም። ግን ቀን ሲከፋ ያ ስም ቀድሞ እንዳይመጣ ስሰጋ ኖርኩ። እነዚያ ጸሐፊዎች ስለ ሥልጣን ሲጽፉ ዙፋን የለበትም፣ ገመቹ። ቁልፉ ማን ኪስ እንዳለ፣ በር ሲንኳኳ ማን እንደሚወጣ፣ የሰው ደብዳቤ ማን እጅ እንደሚገባ ነው የሚጽፉት።

በአማርኛችን ትቀልድ የነበረው ትዝ ይልሃል? «ባልም ባለቤት፣ ሚስትም ባለቤት፣ ቤቱን የያዘውም ባለቤት! እናንተ ቤት ሁሉም አዛዥ ከሆነ ማን ሊታዘዝ ነው?» ትለኝ ነበር። ከዚያ በአንተ ቋንቋ ሃዻ መና፣ የቤት እናት፣ ብለህ ትጠራኛለህ። ባለቤት በምትባለው በዚያች ቃል የተነሳ ነው ዛሬ የምጽፍልህ።

ያ የከበደ ዓመት ነው፤ መንገዱ የሚዘጋበት፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን የሚዘጋበት። አንተ ጠዋት ለስብሰባ እንደወጣህ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ በአጥሩ ብቅ ብላ፣ ቤት ለቤት እየተፈተሸ ነው፣ ጽሑፍ የተገኘበት ሰው ይወሰዳል አለችኝ። ተናግራ ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ትሕትና ባለው ድምፅ «ባለቤት አለ?» አለኝ።

«ባለቤቴ የለም» አልኩት።

ሲመጣ እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ሰውየው የጠየቀኝ የቤቱን ባለቤት ነበር። ፊት ለፊቱ ቆሜ የለም አልኩት። አለሁ ብዬው ቢሆን ኖሮ ገብተው አይተው ይወጡ ነበር፤ ያ ሁሉ ነገር በዚያው ያልቅ ነበር። አሁን ግን ይመለሳሉ፤ የሚመለሱት አንተ ስትኖር ነው፤ አንተን ሊወስዱህ ነው ብዬ አሰብኩ። ፍራሹን ገለበጥኩ። በየማታው የምትጽፍበት ያ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር እዚያ ነበር።

ከፈትኩት። ቁቤ ይሁን እንግሊዝኛ መለየት አልቻልኩም፤ ያኔ ለዓይኔ ሁለቱም አንድ ነበሩ። አንዳንዱ ቃል ሥሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል። መፈክር መሰለኝ። ምድጃው ውስጥ ከሰል ነበረ፤ ክብሪት ጫርኩበት። ሽፋኑ እምቢ ስላለኝ ቀደድኩት፣ ወረቀቱን በየአምስት በየአምስቱ ከተትኩት። አመዱን ከጎመኑ ሥር ቀበርኩ።

ሰዎቹ አልተመለሱም።

አንተ ግን ማታ ፍራሹን አነሳህ። የት ገባ ስትለኝ፣ ትምህርት ቤት ረስተኸው ይሆናል አልኩህ። የመምህራኑን ክፍል ሦስት ቀን ፈተሽክ። ያኔ ነው ደብተሩ ምን እንደነበር የነገርከኝ፤ ከካርቶኑ አንዱን፣ ያንን ሰማያዊ ሽፋን ያለውን ልብ ወለድ፣ ወደ ኦሮምኛ እየመለስክ ነበር። ጆሮዬ ቋንቋህን ስለሚያውቅ፣ ሲያልቅ ማታ ማታ ልታነብልኝ ነበር ሐሳብህ። ያን ጊዜ ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን «አንድ ሰው ወስዶታል» አልክ፤ ጥርጣሬህም በወዳጅህ በኦቦ ደበላ ላይ ወደቀ፤ ደብተሩን ያየው እሱ ብቻ ነበራ። እስክትሞት ድረስ ሰላም አላልከውም። እኔም ቡናውን እየቀዳሁ፣ ካልሲህን እየጠቀምኩ ዝም አልኩ። ኦቦ ደበላ ሬሳህን ከተሸከሙት አንዱ ነበር። ከፊት ነው የያዘው።

ሰማያዊውን መጽሐፍ አምና አነበብኩት። አንዲት የአገሬው ተወላጅ ልጅ ከእናቷ ተነጥላ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ በቋንቋዋ መናገር ተከልክላለች። ከእናቷ የሚመጣላትን ደብዳቤ እሳት ውስጥ የምትከተው ግን ክፉዋ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አይደለችም። ወጥ ቤት የምትሠራዋ ዝምተኛ ናት። ልጅቷን ትወዳታለች፤ ለእሷ ብላ ፈርታ ነው። እኔ ራሴን ከልጅቷ ጋር ላገኘው ስፈልግ ከወጥ ቤት ሠራተኛዋ ጋር አገኘሁት። መጽሐፉን ዘግቼ ፊቴን ታጠብኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሥልጣን በር የሚያንኳኳው ሰው ነው ስል ነበር። ለካ ያን ቀን ክብሪቱ በእኔ እጅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያንኑ መጽሐፍ እንደገና ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩት ነው። አርባ ገጽ ደርሻለሁ። ስሕተቱ ብዙ ነው፤ አንዳንድ ቃል አቻ ሳጣለት ሥሩ አሰምርና አልፋለሁ። አንድ ቀን የራሴን ገጽ ሳየው እጄ ቆመ። ያንተም መስመሮች እነዚህ ነበሩ፤ መፈክር አልነበሩም፤ ቃል ያጣህባቸው ቦታዎች ናቸው።

ለሊሴ ማክሰኞ ደወለች። ጊንጪ የምታስተምራቸው ሴት ተማሪዎች የንባብ ማኅበር አቋቁመዋል፤ ያንተን ደብተር አግኝታ ልታነብላቸው ትፈልጋለች። ሆስፒታል ሆነህ እንድትፈልገው አደራ ብለሃት ነበር አለችኝ፤ ይህን አላውቅም ነበር። «አዮ፣ ቅዳሜ መጥቼ ቤቱን ራሴ እፈትሻለሁ» አለችኝ እየሳቀች። እፈትሻለሁ የምትለው ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረች። ልጅ ሳለች የቤት ሥራዋን አላይም ስላልኳት «አንቺ ቋንቋችንን አትወጂም» ብላኝ ታውቃለች። ፊደሉን አለማወቄ አሳፍሮኝ ነበር እንጂ። ያን ቀን ቋንቋችን ስትል እኔ ውጭ ነበርኩ። አሁን ደግሞ ያባቷን ቋንቋ በእጄ እንዳቃጠልኩ ስትሰማ በየትኛው በር እመለሳለሁ? ካንተ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ከሰው ሁሉ ዘንድ «የአዲስ ዓለሟ» ልሁን፤ ከእሷ ዘንድ ከሆንኩ ግን አገር የለኝም።

ሦስት ቀን ውሸት ስፈልግ ሰነበትኩ። ምስጥ በላው ልበል፣ ዝናብ ገባበት ልበል። ቀላል ነበር። ግን ያቺም ውሸት እንደ ፊተኛዋ የምትጥለው ሰው ታገኛለች።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከጊንጪ ተሳፍራለች። ይህን ደብዳቤ ለአንተ ጽፌዋለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ከአርባዎቹ ገጾች ጋር የማኖረው ግን ለእሷ ነው። የአማርኛ ፊደል የምታነበው ቀስ ብላ ስለሆነ ትይዩዋ እቀመጣለሁ፤ የምድጃው ታሪክ ጋ ስትደርስ ከፊቷ አውቃለሁ። ከቆየችልኝ ሰኞ አብረን፣ ካልቆየችልኝ ብቻዬን ኦቦ ደበላ ቤት እሄዳለሁ። አንተንም ከእንግዲህ እንዳለቀስኩለት ሰው ብቻ ሳይሆን እንደዋሸሁትም ሰው አድርጌ አስታውስሃለሁ፤ ግማሹን ብቻ ማስታወስ መርሳት ነው።

አዲሱ በር አይጮህም። ልጅህ ግን እንዳንተው ሳትገባ ደጅ ቆማ «ወራ መና!» ብላ ነው የምትጣራው፣ የቤት ሰዎች ብላ።

እየተጣራች ነው፣ ገመቹ። የቤቱ ባለቤት አለሁ ልላት ነው።

ሃዻ መናህ