ብሩክ ለምን እንደዘመተ

ሐምሌ 12 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ ሀዋሳ

ልጄ ብሩክ ከሦስት ዓመት በፊት ባበቃው ጦርነት መውደቁን ካረዱኝ ወዲህ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ጋዜጣ ያነባል። ዛሬ ጎረቤታችን ጋሽ ደስታ ጮክ ብለው አነበቡ። ጸሐፊው መሪዎቹ ወደ ጦርነቱ ሲገቡ በልባቸው ያሰቡትን ሁሉ ያውቃል።

"ሆዳቸው ውስጥ ነበር እንዴ?" አልኩ።

"እህቴ፣ የተማረ ሰው እኮ ነው!"

"ብሩክስ ለምን ዘመተ?"

"ለአገሩ ፍቅር ነዋ!" አሉ ሳያስቡ።

እኔ እናቱ አላውቅም። ቁርሱን በልቶ "ኳስ ሜዳ ነኝ" ብሎኝ እንደወጣ ቀረ። በኋላ የላከው ደብዳቤም ሰላምታ ብቻ ነበር። ጋሽ ደስታም አያውቁም። ተነሳሁ፣ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፤ መቀመጥ አቃተኝ። ሊሄዱ ሲነሱ ግን እስከ በር ተከተልኳቸውና "ቅድም ስለ ብሩክ ያሉትን እስቲ ይድገሙልኝ" አልኳቸው።