ፊርማው ምድር ቤት ሲደረስ

እኔ የስድስተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ ጡረተኛ የአሳንሰር መካኒክ፣ ዛሬ ማክሰኞ በወሩ አሥራ ሁለተኛ ቀን፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይደክም፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን ሰጥቻለሁ። ጸሐፊዬ የሦስተኛ ፎቁ መምህር፣ ምስክሮቼ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴና የሕንጻው ዘበኛ ናቸው። የአምቡላንሱ ሰው «አባባ፣ እንውረድ እንጂ» ይለኛል። ኑዛዜ አይቋረጥም ብዬዋለሁ።

ቤቴ ከነዕቃው ለባለቤቴ ይሁን። ከእኔ ጋር ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷን ጨርሳለችና።

ለወንድ ልጄ ካፖርቴንና ሰዓቴን ትቻለሁ። የመሣሪያ ሳጥኔን ግን እንዳይጠይቅ፤ እሱ አምፖል ለመቀየርም ሰው ይጠራል።

ሳጥኑ የሴት ልጄ ነው። ከእኔ በኋላ ይህን አሳንሰር የያዘችው እሷ ናት፤ አሁንም ከላይ ሞተር ክፍል ገብታ እየፈተሸችው ነው። ስትጨርስ ይህ ይነበብላት።

ልጄ ሆይ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንቺ አሳንሰር አልወጣሁም። «አባዬ፣ የእኔን እጅ ስለማታምን ነው አይደል?» ስትይኝ ጀርባዬን ሰጥቼሽ ደረጃውን ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የቤቴን ደጃፍ አልረገጥሽም። እውነቱ ይህ ነው፦ እኔ ራሴ በጠገንኩትም ገብቼ አላውቅም። ጣሪያው ላይ ቆሜ ገመዱን እያየሁ ስሠራ አልፈራም፤ በሩ ሲዘጋብኝ ግን ትንፋሼ ይቆማል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰውን «ግቡ፣ ምንም አይሆንም» እያልኩ አስገብቼ፣ እኔ በደረጃ እሸሽ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አሁን «እኔስ ለጤናህ ብለህ መስሎኝ!» ብላለች፤ ይጻፍ።

ሐኪሙ ደረጃ ከልክሎኛል፤ ቃሬዛውም በደረጃው መታጠፊያ አያልፍም። ሆስፒታል ከሚጠብቀኝ የልብ ቀዶ ሕክምና ይልቅ ይህ ስድስት ፎቅ ያስፈራኛል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ፊተኛው ደርሷል፤ ኋለኛው ሐሰት ነው፤ ወራሼን አልጠላሁም። ከአንቺ እጅ የበለጠ የማምነው የለም። ይቅር ካልሽኝ አብረሽኝ ውረጂ።

እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ፊርማዬን ምድር ቤት ስደርስ አኖራለሁ፤ ከደረስኩ።

እኛ ምስክሮች ይህ ቃል ሲነገርና ለሴት ልጃቸው ሲነበብ ሰምተን ፈርመናል። አብረናቸው ወርደናል። በሩ ሲዘጋ ልጃቸው «አባዬ፣ ዓይንህን ጨፍን፤ ገመዱን አይቼዋለሁ» ብላቸዋለች። ተናዛዡ ምድር ቤት ደርሰው ፈርመዋል። ፊርማው የተጣመመው በግራ እጃቸው ስለጻፉ ነው፤ ቀኙን ልጃቸው ገና አልለቀቀችም ነበር።